ጭንቅላትን ከጉዳት ለመጠበቅ፦ ከቤት ደረጃ እስከ አስፋልት የሚሠራ መመሪያ

እናቴ የወደቀችው በሐምሌ ወር መብራት በጠፋበት ምሽት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በምንኖርበት ሕንፃ የጋራ ደረጃ ላይ ነው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለነበር በአንድ እጇ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥላ፣ በሌላው እጇ የስልኳን መብራት እያበራች ትወጣ ነበርና እግሯን ሲያዳልጣት መደገፊያውን የምትይዝበት ነፃ እጅ አልነበራትም። በጀርባዋ ወድቃ ማጅራቷ አጠገብ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጨች። ደም አልፈሰሳትም፤ ትንሽ እብጠት ብቻ ስለታየ "ደህና ነኝ፣ አትርፎኛል" ብላ በማግስቱ ቡናዋን አፈላች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን የልጅ ልጇን ስም ማምታታትና አንድ እግሯን መጎተት ጀመረች፤ በሲቲ ስካን ስትታይም በራስ ቅሏና በአንጎሏ መካከል ቀስ በቀስ የተጠራቀመ ደም ተገኘ። በቀዶ ሕክምና ድና ዛሬ አብራን ትኖራለች።

ይህ መመሪያ ከዚያ ወዲህ ቤታችንን፣ ደረጃችንንና አካሄዳችንን አንድ በአንድ ስናስተካክል የተማርነውን የያዘ ነው። ከሁሉ በላይ የተረዳሁት፣ የጭንቅላት ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእግርና ከእጅ መሆኑን ነው፤ እግር የሚረግጠው ካልተስተካከለ፣ እጅም የሚይዘው ካጣ፣ ቀሪው ሁሉ ጭንቅላት ላይ ያርፋል። ስለዚህ "ተጠንቀቁ" እያሉ ከመምከር ይልቅ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ነገር ማስቀደም ይሻላል፤ ሰው ሲደክመው፣ ሲቸኩልና ሲጨልምበት ምክሩን ይረሳዋልና።

የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ለስላሳ አካል ሲሆን በራስ ቅል ውስጥ በፈሳሽ ተከብቦ ይገኛል። ጭንቅላት ከጠንካራ ነገር ጋር ተጋጭቶ በድንገት ሲቆም አንጎል በነበረበት ፍጥነት ጉዞውን ይቀጥልና ከራስ ቅሉ ጋር ይላተማል። ከ2 ሜትር ከፍታ የወደቀ አካል መሬት ሲደርስ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት እንደሚኖረው ካሰብን፣ ከአንድ ወንበር ወይም ከአጭር መሰላል መውደቅ ለምን ቀላል ነገር እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል።

አንደኛ፦ የሚወጡበትንና የሚወርዱበትን ደረጃ ያስተካክሉ

ሥራው የሚጀምረው በማየት ነው። ሲመሻሽ፣ አምፖል ሳይበራ፣ መደገፊያውን ይዘው ከቤትዎ በር እስከ ግቢው መውጫ ቀስ ብለው ይውረዱና እግርዎ የተጠራጠረበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። እኛ ይህን ስናደርግ ምልክት ያረፈባቸው ጠርዛቸው የተሸረፈ ደረጃዎች፣ ከፍታቸው ከሌሎቹ የተለየ ደረጃዎች፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የየፎቁ የመጨረሻ ደረጃዎች ሆነው ተገኙ፤ ሰው በጨለማ ሲወርድ አለቀ ብሎ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ደረጃ ጠርዝ፣ አቅም ካልፈቀደም የየፎቁን የመጀመሪያና የመጨረሻ ደረጃ ጠርዝ፣ 5 ሳንቲ ሜትር በሚያህል ስፋት ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም ይቀቡ። የዘይት ቀለም ሲደርቅ ስለሚያንሸራትት ገና እርጥብ ሳለ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ይነስንሱበት። የተሸረፈውን ጠርዝ ከቀለሙ በፊት በሲሚንቶ ማስደፈን ያስፈልጋል፤ ስንጥቅን በቀለም መሸፈን አደጋውን መደበቅ ነው።

መደገፊያውን በሁለት እጅዎ ይዘው ይነቅንቁት። ከተነቃነቀ ብየዳ ያስፈልገዋል፤ የሰው ሙሉ ክብደት በድንገት ሲያርፍበት ካልቻለ ደግሞ ባይኖር ይሻል ነበር ማለት ነው፣ ሰው ተማምኖ ይደገፍበታልና። ጥሩ መደገፊያ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ የመጨረሻው ደረጃ ካለቀ በኋላም ትንሽ ይቀጥላል፤ ውፍረቱም እጅ ዙሪያውን አቅፎ የሚይዘው ሊሆን ይገባል። በጋራ ሕንፃ ውስጥ ለዚህ መዋጮ መጠየቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ እኛ ዘንድ ጎረቤቶቻችንን ያሳመናቸው ኮሚቴው አንድ በአንድ ወስዶ የተነቃነቀውን ብረት በእጃቸው እንዲነቀንቁት ማድረጉ ነበር።

ለጨለማው በየፎቁ አንድ በቻርጅ የሚሠራ፣ መብራት ሲጠፋ ራሱ የሚበራ አምፖል ቢሰቀል ብዙ ነገር ይቀየራል። ይህ እስኪሆን ድረስ በግንባር ላይ የሚታሰር ትንሽ መብራት ይግዙ፤ የስልክ መብራት እጅን ያስይዛል።

ከዚያም የጀሪካኑ ጉዳይ አለ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ በአንድ እጅ ሲያዝ ሰውነትን ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፣ ደረጃውንም ከዓይን ይከልላል። በእኛ ቤት ደንቡ እንዲህ ሆነ፦ በደረጃ ላይ አንዱ እጅ ምንጊዜም የመደገፊያው ነው፤ ስለዚህ ውሃ የሚወጣው ከ10 ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ በአንድ እጅ ብቻ ነው። ምልልሱ ይበዛል፤ ቢሆንም ውሃው ከመጣበት ሰዓት ጀምሮ ተከፋፍሎ ከተሠራ ይደረስበታል። ነጠላ ጫማ አድርጎ፣ በተለይም ታችኛው ክፍሉ አልቆ የለሰለሰ ከሆነ፣ ውሃ እየተሸከሙ ደረጃ መውጣት ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ደረጃ በሳሙና የሚያጥብ ሰውም እስኪደርቅ ድረስ ባልዲውን መግቢያው ላይ አስቀምጦ ለሚያልፈው ያሳውቅ።

በሻወር ቤትና በወጥ ቤት ውስጥ ሴራሚክ ወለል በረጠበ ጊዜ እንደ በረዶ ያንሸራትታል፤ የማያንሸራትት የጎማ ምንጣፍና ግድግዳው ላይ በፊሸርና በብሎን የታሰረ አንድ የብረት መያዣ ይበቃል። ፎጣ መስቀያን መያዣ አድርጎ መጠቀም አይገባም፤ ክብደት ሲያርፍበት ይነቀላል።

ሁለተኛ፦ ቆጥ፣ መሰላልና ጣሪያ

በመሀል ከተማ ጠባብ ቤቶች ውስጥ ልጆች የሚተኙት ቆጥ ላይ ነው። ቆጡ ጠርዙ ላይ መከለያ ከሌለው ተኝቶ የሚገላበጥ ልጅ ይወድቃል፤ ስለዚህ ከፍራሹ በላይ በበቂ ቁመት የሚነሳ የእንጨት አጥር ይሠራለት፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለውም ክፍተት የሕፃን ጭንቅላት እንዳያሾልክ ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ይሁን። መውጫው መሰላል ላይኛው ጫፉ በሚስማር ወይም በሽቦ ይታሰር። ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ሰው ቆጥ ላይ ባይተኛ ይመረጣል፤ ምርጫ ከሌለ ግን እጁ በሚደርስበት ቦታ መብራት ይኑረው።

ተንቀሳቃሽ መሰላል ሲያቆሙ ለእያንዳንዱ 4 ሜትር ከፍታ የመሰላሉ እግር ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ሲወጡም ሁለት እግርና አንድ እጅ፣ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር ምንጊዜም መሰላሉን ይንኩ፤ መዶሻውና ሚስማሩ በወገብ ቦርሳ ይሂዱ። አምፖል ለመቀየር የፕላስቲክ ወንበር ላይ መቆም የተለመደ ቢሆንም፣ የእነዚህ ወንበሮች እግር ክብደት ወደ ዳር ሲያጋድል ይከፈታል።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያ የሚጠግንና ዲሽ የሚያስተካክል ሰው የዛገ ቆርቆሮ የሰው ክብደት እንደማይችል ይወቅ። መርገጥ የሚቻለው ሚስማሮቹ በተሰለፉበት መስመር ላይ ነው፣ ከሥሩ እንጨት አለና። ቆርቆሮው በነፋስ እንዳይገለበጥ ተብሎ የተጫነ ድንጋይ ካለም ያውርዱትና ቆርቆሮውን በሚስማር ያስመቱት፤ ያ ድንጋይ አንድ ቀን በነፋስ ወይም በድመት ተንሸራቶ የሚወድቀው ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ነው።

ሦስተኛ፦ ለሕፃናትና ለአረጋውያን የተለየ ጥንቃቄ

የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅና ከባድ ስለሆነ ሕፃን ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያርፈው ጭንቅላቱ ነው። ገና መገልበጥ ያልጀመረ ሕፃንም ቢሆን አልጋ ላይ ብቻውን አይተው፤ ዳይፐር የሚቀየረው ወለል ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ቢሆን የሚወድቅበት ቦታ አይኖርም። በረንዳ ላይ ጀሪካን፣ በርጩማና የአበባ ጣሳ ከአጥሩ ያርቁ፤ ለልጅ እነዚህ ሁሉ መወጣጫ ናቸው። ብፌ ላይ የተቀመጠ ቴሌቪዥን ልጅ መሳቢያውን ስቦ ሲንጠለጠል ከነብፌው ሊወድቅበት ስለሚችል ሁለቱንም ከግድግዳ ጋር ማሰር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። አልቅሶ እንቢ ያለ ሕፃንን ይዞ መነቅነቅ፣ ምንም ነገር ሳይመታው፣ አንጎሉን ሊያደማውና ሊገድለው ይችላል። ሞግዚትም ሆነች ወላጅ ትዕግሥቱ ያለቀ ሲመስለው ሕፃኑን አልጋው ውስጥ በጀርባው አስተኝቶ በሩን ከፍቶ ለጥቂት ደቂቃ መራቅ ነውር የለበትም።

በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጉዳት የሚብስባቸው አንጎል ከዕድሜ ጋር ትንሽ ስለሚኮማተርና ከራስ ቅል ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን የደም ሥሮች ስለሚወጠሩ በቀላል ምት ሊበጠሱ ስለሚችሉ ነው። አስፒሪን ወይም ዋርፋሪንን የመሰለ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መድማቱ ይጨምራል። የደም ግፊት መድኃኒት ደግሞ ከአልጋ ሲነሱ ሊያዞር ስለሚችል መጀመሪያ ቁጭ ብሎ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት፣ ከዚያ ግድግዳ ይዞ መቆም ልማድ ይሁን። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ የስኳርና የግፊት ሕሙማን መድኃኒታቸውን እንዴት እንደሚወስዱ አስቀድመው ሐኪማቸውን ቢጠይቁ፣ የንስሐ አባታቸውንም ቢያማክሩ መልካም ነው። ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ሌላ ደብር ለኪዳን በሌሊት የሚሄዱ እናቶች ከወጣት ጋር፣ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ምርኩዝ ተደግፈው ቢሄዱ ይመረጣል።

አራተኛ፦ ታክሲ፣ አስፋልትና የእግረኛ መንገድ

ሚኒባስ ታክሲ ላይ ሲሳፈሩ መጀመሪያ የበሩን የላይኛውን ጠርዝ በእጅዎ ይያዙ፣ ከዚያ ዝቅ ብለው ይግቡ፤ እጅ ብረቱ ላይ ካረፈ ጭንቅላት የት እንዳለ ያውቃል። ለመውረድ "ወራጅ አለ" ካሉ በኋላ ታክሲው ፈጽሞ እስኪቆም ድረስ ከመቀመጫዎ አይነሱ። ከሚንቀሳቀስ መኪና የሚወርድ ሰው እግሩ መሬት ይዞ ሲቆም ላይኛው አካሉ ከመኪናው ጋር መሄዱን ስለሚቀጥል ይወድቃል፤ ማጅራቱን ወይም ግንባሩን የሚቀበለውም አስፋልቱ ነው። በዝናብ ሰዓት በሜክሲኮና በስታዲየም በሚታየው ግፊያ ውስጥ እየሄደ ባለ ታክሲ ላይ መንጠልጠል ሰው ሁሉ ስለሚያደርገው ብቻ ቀላል መስሎ ይታያል።

ጋቢና የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ይሰር። የዓለም ጤና ድርጅት ቀበቶ በመኪና ውስጥ ያለን ሰው የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚቀንስ ይገልጻል። ልጅን ጋቢና ውስጥ ታቅፎ መቀመጥ ግን ልጁን ከመስታወቱ ፊት ማስቀመጥ ነው፤ በግጭት ጊዜ የትኛውም ክንድ አይዘውም።

መንገድ ሲሻገሩ በአገራችን መኪና በቀኝ ስለሚሄድ መጀመሪያ የሚደርስብዎት ከግራ የሚመጣው ነው፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ ይዩ። ዜብራ ላይ መሆንዎ ሹፌሩ አይቶዎታል ማለት ስላልሆነ ከፊቱ ዓይኑን ይፈልጉ። ለሚያሽከረክሩም አንድ ቁጥር ላስታውስ፦ እግረኛን በሰዓት በ65 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የገጨ መኪና በ50 ከገጨው ጋር ሲነጻጸር የእግረኛው የመሞት ዕድል አራት ተኩል እጥፍ ያህል ይሆናል። ልዩነቱ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው።

ኮብልስቶን በክረምት፣ በተለይም ተዳፋት ላይ ባለው መንገድ፣ ጭቃ ሲቀባው ያዳልጣል፤ እርምጃን ማሳጠርና እጅን ከኪስ ማውጣት ይረዳል። ጎርፍ በሸፈነው መንገድ ላይ ክዳን የሌለው ማንሆል ሊኖር ስለሚችል ውሃውን በጥላ ጫፍ ሳይለኩ አይርገጡት።

አምስተኛ፦ ግንባታ በሚካሄድበት ቦታ

በአጣና ርብራብ በተከበበ ሕንፃ ሥር ማለፍ የመሀል ከተማ የዕለት ኑሮ ሆኗል። ከ6 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ብሎኬት መሬት ሲደርስ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ይኖረዋል። መከለያ ጣራ ከሌለ ወደ ማዶ መሻገር ነው፤ መሻገር ካልተቻለ ደግሞ ቆም ብሎ ከላይ የሚንቀሳቀስ ሰው መኖሩን አይቶ ማለፍ።

ለቀን ሠራተኞችና ለፎርማኖች የምለው ይህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የአደጋ መከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ሄልሜት መጠየቅ መለመን አይደለም። ባሬላ ተሸክሞ የሚወጣ ሰው እግሩን ስለማያይ መረማመጃው እንጨት በሁለቱም ጫፍ የታሰረ፣ ጠርዙም መከለያ ያለው መሆኑ በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀመር ይፈተሽ። ሌሊቱን ዝናብ ከጣለ ገመዱም ላልቶ፣ አጣናውም ረጥቦ ስለሚያድር ያን ጠዋት ፍተሻው ይጠንክር።

ስድስተኛ፦ ሄልሜት ስለማድረግ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገዶች ከተሠሩ ወዲህ ልጆች ብስክሌት ሲነዱ ማየት ደስ ያሰኛል፤ አብዛኞቹ ግን ጭንቅላታቸው ባዶ ነው። የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ደግሞ ሄልሜታቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ወይም ማሠሪያውን ሳይቆልፉ ደፍተው ይታያሉ። ያልተቆለፈ ሄልሜት ሰውየው መሬት ሳይደርስ ከጭንቅላቱ ይወልቃል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በትክክል የተደረገ ሄልሜት የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል።

ሲያደርጉት የፊት ጠርዙ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ይራቅ፤ ግንባርን ገልጦ ወደ ኋላ የተጋደመ ሄልሜት ግንባርን አይጠብቅም። የሁለቱም ወገን ማሠሪያ ከጆሮ ሥር ይገናኝ፣ አገጭ ሥር ሲቆለፍም ከሁለት ጣት በላይ አያስገባ። ከዚያ ጭንቅላትዎን ግራና ቀኝ ያወዛውዙ፤ ሄልሜቱ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፍቶዎታል። ውስጡ ያለው ጠጣር ፎም የሚሠራው በመጨፍለቅ ስለሆነና አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ቦታው ስለማይመለስ፣ አደጋ ያየ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ይጣል። ታሪኩን የማያውቁትን ያገለገለ ሄልሜት አይግዙ።

ሰባተኛ፦ ምቱ ከደረሰ

ከከፍታ የወደቀን ወይም መኪና የገጨውን ሰው እጅና እግሩን ይዞ ታክሲ ውስጥ ለመጫን መሯሯጥ ከደግነት የሚመጣ ቢሆንም አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ሽባ ሊያደርገው ይችላል። እሳት ወይም ሌላ አደጋ እስካልመጣበት ድረስ ባለበት ይቆይ፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ እንዳይነቃነቅ ይያዝለት፣ ሌላው ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ወይም ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ይደውል። ካስመለሰው አንገቱና ወገቡ ሳይጣመም በአንድነት ወደ ጎን ይገልበጥ። ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት አይደረግ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ መያዝ ይበቃል፣ አጥንቱ የሰረጎደ ከሆነ ግን ሳይጫኑ በስሱ መሸፈን ነው። ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ከወረደ አይወተፍ። የሚበላም የሚጠጣም ነገር አይሰጥ።

ራሱን የሳተ ለጥቂት ሰኮንድም ቢሆን፣ ደጋግሞ ያስመለሰው፣ የተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ የተሳሰረ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው የሰፋ፣ ራስ ምታቱ እየባሰ የሄደ፣ ወይም ለመቀስቀስ ያስቸገረ ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱም ባይታይበት ይመርመር።

ሐኪም አይቶት ወደ ቤት የተመለሰን ሰው እንቅልፍ መከልከል አያስፈልግም፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ብቻውን አያድር፣ ሐኪሙ በነገራችሁ ሰዓት ተቀስቅሶ ስሙንና ያለበትን ቦታ ይጠየቅ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንጂ አስፒሪን ወይም ኢቡፕሮፌን አይውሰድ። አንድ ሁለት ቀን አርፎ ቀስ በቀስ ወደ ሥራው ይመለስ፤ ኳስ የሚጫወት ከሆነ ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ሳይለቀው ሜዳ አይግባ፣ ያልዳነ አንጎል ላይ የሚደርስ ሁለተኛ ምት ከመጀመሪያው የከፋ ጉዳት ሊያስከትል ይችላልና።

የወደቀበትን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ያክብቡ። ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ምልክቱን የሚያሳየው ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ የመርሳት፣ የመደናገር፣ የመንገዳገድ ወይም የአንድ ወገን መድከም ሲታይ "እርጅና ነው" ተብሎ አይታለፍ፤ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱም መጀመሪያ የሚናገሩት ያንን ቀን ይሁን። እናቴን ያያት ሐኪም ቀድሞ የጠየቀን "በቅርብ ጊዜ ወድቀው ነበር?" ብሎ ነው። እብጠቱ ጠፍቶ ሦስት ሳምንት አልፎ ስለነበር ልጆቿ እርስ በርሳችን ተያየን፤ ጀሪካኑን ያስታወሰችው እሷው ራሷ ነበረች።